የባሕር ውስጥ የነዳጅ ቧንቧን ከተንሳፋፊ በረዶ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ከአላስካ በስተሰሜን ባለው የቦፎርት ባሕር ነፋስና ሞገድ የበረዶ ንጣፎችን እያላተሙ ይከምሯቸዋል። የክምሩ ትልቁ ክፍል ከውኃው በታች ስለሚንጠለጠል፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ወለሉን እየፈተገ እንደ ማረሻ ትልም ያወጣል፤ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ቧንቧም በዚህ ጉልበት ፊት አይቆምም፤ ስለዚህ ከወለሉ በታች ይቀበራል።

መጀመሪያ መስመሩ የሚያልፍበት ወለል በበጋ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ በሶናር (በድምፅ ሞገድ የውኃን ወለል በሚለካ መሣሪያ) ይቃኛል፤ የትልሞቹ ጥልቀት፣ ስፋትና አቅጣጫም ይመዘገባል። ቅኝቱ ለተከታታይ ዓመታት መደገም አለበት፤ ማዕበል የቆዩትን ትልሞች በአሸዋ ስለሚደፍናቸው የአንድ ዓመት ካርታ ብቻውን ያሳስታል።

ቀጥሎ የሚወሰነው ቧንቧው የሚቀበርበት ጥልቀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ከትልሙ ግርጌ ጥቂት ዝቅ ቢል የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን በረዶው ሲያልፍ ከሥሩ ያለውን አፈር ጭምር እየገፋ ስለሚሄድ፣ በረዶው ያልነካው ቧንቧ በአፈሩ ብቻ ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ ከሚጠበቀው ትልም በታች ተጨማሪ ጥልቀት ይሰጠዋል፤ ብረቱም ወፍራምና ሳይሰበር መለመጥ የሚችል ሆኖ ይመረጣል።

በረዶ ብቻውን ግን ጥልቀቱን አይወስንም። በፀደይ የወንዞች ጎርፍ በባሕሩ በረዶ ላይ ይተኛና በስንጥቆች በኩል በኃይል ቁልቁል ሲወርድ ወለሉን ይቦረቡራል። ትኩስ ነዳጅ የሚያስተላልፍ ቧንቧም በሙቀት ስለሚረዝም፣ በላዩ ያለው አፈር ከሳሳ ወደ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። በባሕሩ ዳር ደግሞ ሙቀቱ የቀዘቀዘውን መሬት ሊያቀልጥና ሊያሰምጠው ስለሚችል ይህም አብሮ ይሰላል።

ቁፋሮው የሚከናወነው፣ እንግዳ ቢመስልም፣ በከባዱ ብርድ ወቅት ነው። በረዶው ላይ ውኃ እየተረጨ ማሽን እስኪችል ድረስ እንዲወፍር ይደረጋል፤ ከዚያ በረዶው በመስመሩ አቅጣጫ ተቆርጦ ይከፈታል፣ ከሥሩ ባለው ወለል ላይ በኤክስካቫተር ቦይ ይቆፈራል፣ እዚያው በረዶው ላይ የተበየደው ቧንቧ ወርዶ አፈር ይመለስበታል። በዚሁ ባሕር የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2001 ነዳጅ ማምረት የጀመረው የኖርዝስታር የነዳጅ ማውጫ መስመር የተቀበረው በዚህ ዘዴ ነው።

ከዚያ በኋላ የአፈሩ ሽፋን በየበጋው በሶናር ይመረመራል፤ በቧንቧው ውስጥም የግድግዳውን መሳሳትና የመስመሩን መጉበጥ የሚለካ መሣሪያ ይላካል። የተቦረቦረ ቦታ ከተገኘ የሚቀጥለው ብርድ ሳይመጣ መሞላት አለበት።