አንድ የነርቭ ሴል በእርሳስ፦ የአንጎልን ሒሳብ ከባሕር ዳር መጀመር

«አንጎልን በሒሳብና በኮምፒውተር ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ግን እዚህ ቤተ ሙከራ የት አለ?» የምትሉኝ ልጆች በዝታችኋል። ቤተ ሙከራውን ለጊዜው ተዉት። ከአንድ ሴል ጀምሩ። እኔ የጀመርኩት ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ ነው።

ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ቧንቧ ሥር አስቀመጣችሁ እንበል። ውሃው ይገባል፣ በቀዳዳው ደግሞ ይፈሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈሰውም ይበረታል። የነርቭ ሴልም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው እንዲህ እያፈሰሰ ነው። ሲያርፍ −70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። −55 ሲደርስ ምልክት ይልክና ተመልሶ ይወርዳል።

አሁን አስሉት። የሚገባው ግፊት 20 ሚሊቮልት ይሁን። በየሚሊሰከንዱ ሴሉ ከ−70 ምን ያህል ከፍ እንዳለ እዩና ከ20 ላይ ቀንሱ፣ የቀረውን ለ20 አካፍሉ (ይሄኛው 20 ሴሉ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያፈስ የሚወስን ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ)፣ ያገኛችሁትን ባለበት ላይ ደምሩ። መጀመሪያ −69 ይሆናል፣ ቀጥሎ −68.05፣ እያለ እያለ በ28ኛው እርምጃ −55ን ያልፋል። ግፊቱን ወደ 14 አውርዱና ድገሙት። የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠብቁ ምልክት አይልክም! ልቤ የተያዘው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ያንኑ ስሌት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉትና በግራፍ ሳሉት፣ ጥቂት መስመር ነው። ኮላብ የሚባለው የጉግል ኮድ መጻፊያ ብራውዘር ላይ በነጻ ይሠራል፤ ግን መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚጠፉበት ቀን ስላለ ፓይተንንና ነምፓይን (የፓይተን የቁጥር ስሌት መሣሪያ) ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ። ከሒሳብ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ያስፈልጋሉ፤ ሁሉንም ጨርሼ ልጀምር ግን አትበሉ።

ወደ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር ማድረግ) ለመሻገር የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሆፕፊልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን፣ እርስ በርስ የተያያዙ ሰው ሠራሽ ሴሎች ያሉትን ኔትወርክ ሥሩ። ከፊሉ የተበላሸ ምስል ስትሰጡት የተማረውን ሙሉውን ያስታውሳል። ሰውዬው በ2024 የፊዚክስ ኖቤልን ከማሽን ለርኒንግ ተመራማሪው ጄፍሪ ሂንተን ጋር ተጋርቷል።

ቀጥሎ እውነተኛ ዳታ። አለን ኢንስቲትዩት የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከአይጦች አንጎል የተቀዳ ዳታ በነጻ ለቋል። ከሴሎቹ ምልክት ተነስቶ አይጧ የትኛውን ምስል እንዳየች ሞዴላችሁ ይገምት። መማሪያውንና መፈተኛውን ዳታ ግን ከመጀመሪያው ለዩ። እኔ ሳላውቅ ደባልቄ ያገኘሁት ያማረ ውጤት፣ በትክክል ስለየው ጠፋ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።

ኒውሮማች አካዳሚ ይህንኑ የአንጎል ሒሳብ ከ2020 ጀምሮ በኦንላይን ያስተምራል፣ ትምህርቱም ለማንም ክፍት ነው። ኬፕታውን ላይ ደግሞ ኢምቢዞ የሚባል የዚሁ ዘርፍ ሥልጠና አለ። ስታመለክቱ ያን የ28 እርምጃ ግራፍ፣ ግፊቱ 14 ሲሆን ዝም የሚለውንም ጨምራችሁ፣ ከነኮዱ አያይዙ።