«ኢሜይሉ ጠፋ» ሲሏችሁ፦ በራስ ሰርቨር ላይ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

ደሴ ተቀምጬ የሦስት ትንንሽ ድርጅቶችን ኢሜይል አስተዳድራለሁ። አንዱ እዚሁ ከተማ ነው፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ላሊበላ ያለ የእንግዳ ማረፊያ። ሁሉም ጋ ሊኑክስ ላይ የተጫነ ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል ሶፍትዌር) ነው ያለው። ስልክ ሲደወልልኝ የምሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «ኢሜይሉ ጠፋ»። አብሽሩ፣ ኢሜይል ብን ብሎ አይጠፋም። ወይ ወረፋ ላይ ቆሟል፣ ወይ ተመልሷል፣ ወይ የተቀባዩ ስፓም ውስጥ ገብቷል። የትኛው እንደሆነ ሰርቨሩ ሎጉ ላይ፣ ማለትም የሠራውን ሁሉ በሚመዘግብበት ፋይል ላይ፣ አስፍሮታል። ሎጉን ሳታነቡ አንድም ሴቲንግ አትንኩ። አንድ የነበረው ችግር ሦስት የሚሆነው በግምት ሲነካካ ነው።

«ሎጉ ላይ የለም»

መጀመሪያ ሰዓቱን አጥሩ። የላሊበላዋ እህታችን «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የላክሁት» አለችኝ። ሎጉን 03፡00 አካባቢ ብፈልግ ምንም የለም። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለተሞላ ከዚያም ላይ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። መልእክቷ 06፡00 ላይ ቁጭ ብላ ተገኘች። የሰርቨሩን ታይም ዞን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት። የቀረውን የ6 ሰዓት ልዩነት በቃል መያዝ ነው። የተቀባዩን ሙሉ አድራሻም ሳትጠይቁ ፍለጋ አትጀምሩ።

የመልእክቱን መስመር ስታገኙ ተቀባዩ ሰርቨር የመለሰውን የቁጥር ኮድ እዩ። በ4 ከጀመረ «ቆይተህ ና» ማለት ነው። በ5 ከጀመረ «አልቀበልም» ነው።

«ላክሁ፣ አልደረሰም፣ ተመልሶም አልመጣም»

ወረፋ ላይ ነው። ኮዱ 450 ወይም 451 ሆኖ ስለ ግሬይሊስት የሚያወራ ከሆነ፣ ተቀባዩ ሰርቨር ስለማያውቃችሁ ሆን ብሎ እያስጠበቃችሁ ነው። ብዙውን ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ተዉት። ፖስትፊክስ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት እስከ 5 ቀን ድረስ።

የትም ብትልኩ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሚል ከሆነ ግን መጠበቅ ዋጋ የለውም። ወደ ውጭ የሚወጣው ፖርት 25፣ ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያልፍበት በር፣ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ የኢንተርኔትና የሰርቨር አቅራቢዎች ስፓም ለመከላከል ይዘጉታል። እንዲከፍቱላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ በፖርት 587 በፓስወርድ የሚገባ የሪሌይ አገልግሎት፣ ማለትም መልእክታችሁን ተቀብሎ የሚያደርስላችሁ ሌላ ሰርቨር፣ ያዙ።

«ጂሜይል መለሰብኝ»

ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው። ያለ ማህተም ደብዳቤ ይዛችሁ መሥሪያ ቤት ብትሄዱ መዝገብ ቤቱ አይቀበላችሁም። የኢሜይሉም ነገር እንደዚያው ነው። ኤስፒኤፍ የውክልና ወረቀት ነው፤ በዶሜይናችሁ (በኢሜይል አድራሻችሁ ከ@ በኋላ ባለው) ስም የትኞቹ አይፒዎች (የሰርቨር ቁጥር አድራሻዎች) መላክ እንደሚችሉ ይናገራል። ዲኪም ማህተሙ ነው። ፒቲአር ደግሞ አይፒው «ማን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው ስም ነው። ጂሜይል ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ይጠይቃል። እኔ ግን ሁለቱንም ሳላደርግ ሥራ አላስረክብም።

ኮዱ 5.7.25 ከሆነ የጎደለው ፒቲአር ነው። ይህን በዶሜይናችሁ ፓነል ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት ነው። ያስገባው ስምም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ መጠቆም አለበት።

5.7.26 ከሆነ ኤስፒኤፍና ዲኪሙን መርምሩ። ኮምቦልቻ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ዶሜይኑ ላይ ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ነበር። አንዱን እኔ ያስገባሁት ነው፣ ሌላውን ሰዎቹ የማስታወቂያ መላኪያ አገልግሎት ሲገዙ ጨምረውታል። ሁለት ሲሆን ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። አንድ መስመር ላይ ማዋሃድ ነው መፍትሄው። በውስጡ የሚጠይቀው የዲኤንኤስ (የኢንተርኔቱ የስም ማውጫ) ፍለጋም ከ10 መብለጥ የለበትም። ሪሌይ የምትጠቀሙ ከሆነ የእሱንም እዚያው ጨምሩ።

ዲኪሙም ወድቆ ነበር። ተቀባዩ ማህተሙን የሚያረጋግጥበትን ይፋ ቁልፍ በቴሌግራም ልኬላቸው ከስልክ ላይ ነው ኮፒ ያደረጉት። መጨረሻው ተቆርጧል። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ረጅም ነው፤ አንድ የዲኤንኤስ ጽሑፍ ደግሞ ከ255 ፊደል በላይ ስለማይይዝ በሁለት ተከፍሎ መግባት አለበት። አንዲት ፊደል ብትጎድል ማህተሙ አይነበብም። ፓነሉ ላይ ያለውን ከሰርቨሩ ካለው ጋር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተያዩት።

«ደርሷል፣ ግን ስፓም ውስጥ ነው»

ወደ ራሳችሁ ጂሜይል ላኩና ኦሪጂናሉን («Show original» የሚለውን) ክፈቱ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ (ሁለቱ ከላኪው ዶሜይን ጋር መስማማታቸውን የሚያይ ደንብ) ሦስቱም «ፓስ» ካሉ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አይፒያችሁ በሌሎች ዘንድ ያለው ዝና ነው። አዲስ አይፒ እንደ አዲስ ጎረቤት ነው፤ እስኪለመድ ይጠረጠራል። በትንሽ በትንሹ ላኩ። ደንበኞችም «ስፓም አይደለም» የሚለውን እንዲነኩ ጠይቁ። የእንግዳ ማረፊያው የገና በዓል ሲደርስ ላለፉት እንግዶች ሁሉ በአንድ ቀን የመልካም በዓል መልእክት ሊልክ ነበር። አይሆንም ብዬ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አስደረግሁት።

«ወረፋው ላይ ሺህ መልእክት አለ»

ይኼ ያስደነግጣል፣ መደንገጥም ይገባል። የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ተሰርቆ ሌላ ሰው ስፓም እየላከበት ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፖስትፊክስን አቁሙ። ሎጉ ላይ በማን ስም እየገባ እንደሚልክ ፈልጉና ፓስወርዱን ቀይሩ። የእሱን መልእክቶች ብቻ ከወረፋው አጥፉ፤ የደንበኛ ደብዳቤ አብሮ እንዳይሄድ። ከጥቁር መዝገብ እንዲያወጣችሁ የስፓም ላኪዎችን መዝገብ የሚይዘውን ስፓምሃውስን የምትጠይቁት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ብትጠይቁ ወዲያው ትመለሳላችሁ።

«ለእኛ ምንም አይገባም»

መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከተኛ ብዙ አትጨነቁ፤ ላኪዎቹ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ለቀናት ደጋግመው ይሞክራሉ። ሰርቨሩ በርቶም ካልገባ ዲስኩን እዩ። 452 4.3.1 የሚለው ኮድ ቦታ አለቀ ማለት ነው። እኔ ጋ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን የሚሞላው የድሮ ባክአፕ ነው። ሰርቨር ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ ኤምኤክሱ፣ ማለትም ኢሜይላችሁን የሚቀበለው ሰርቨር የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የዲኤንኤስ መስመር፣ አሁንም ወደ አሮጌው እየጠቆመ እንዳይሆን። ኤምኤክስ ስም እንጂ አይፒ እንደማይቀበልም አትርሱ።

«ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ አይሄድም»

ፖስትፊክስ ካልነካችሁት የሚፈቅደው 10,240,000 ባይት ነው። ፋይል አታች ሲደረግ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያብጣል። ስለዚህ የ8 ሜጋባይት ፎቶ ሳይወጣ ይቀራል። ገደቡን ከፍ አድርጉት፣ ግን ተቀባዩም ሰርቨር የራሱ ጣሪያ አለው። ከዚያ ለሚበልጠው ሊንክ ላኩ።