የተለያዩ የጨዋታ ዓለማትን ስናገናኝ የሚገጥሙ ችግሮች

ሁለት ሦስት ካምፔን (ለብዙ ምሽቶች የሚቀጥል የጨዋታ ታሪክ) የመራ ጌም ማስተር፣ ማለትም ታሪኩን የሚተርክ የጨዋታው መሪ፣ አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። የአንዱ ጨዋታ ጀግኖች የሌላውን ጀግኖች ቢያገኟቸውስ? እኔ ይህን ሐሳብ በጣም እወደዋለሁ። ግን ሲበላሽም አይቻለሁ። ምሳሌዎቼ ከደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዝግጁ ዓለማት ናቸው፤ ይህ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የየራሳቸውን ጀግና (ካራክተር) ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ዓለሙን ራሳችሁ የፈጠራችሁትም ቢሆን ችግሩ ያው ነው።

«ዓለማቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ»

ተጫዋቾቹ ጠዋት እዚህ፣ ማታ እዚያ ናቸው። አዲስ ሰማይ ሲያዩ ማንም አይደነቅም።

ምክንያቱ መሻገሪያው ነው። ታክሲ እንደመሳፈር ከቀለለ ዓለማቱ አልተገናኙም፣ ተደባለቁ እንጂ።

መፍትሄው በመሃል ሦስተኛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ በ1994 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከወጣው ፕሌንስኬፕ ከሚባለው የጨዋታ ዓለም የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። እዚያ ሲጊል የምትባል የበሮች ከተማ አለች። የበር መቃን፣ የመስኮት ፍሬም፣ የድልድይ ቅስት፣ ዙሪያው የተዘጋ ነገር ሁሉ ወደ ሌላ ዓለም መውጫ ሊሆን ይችላል። ግን ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ ዕቃ፣ ቃል ወይም የእጅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ብዙ ነው፣ ማለፍ ግን ከባድ ነው።

እናንተም ለእያንዳንዱ በር አንድ ቁልፍ ስጡት። እኔ ጋ አንዱ በር የሚከፈተው ከተሻጋሪው ቤት ደጃፍ በተዘገነ አፈር ብቻ ነበር። አንዷ ተጫዋች ለዚያች እፍኝ አፈር ብላ ትታው ወደሄደችው መንደር ተመለሰች። እናቷን አገኘች። ያን ምሽት ወደ ሌላ ዓለም ማንም አልሄደም፣ እኔም አልቸኮልኩም።

በር የማይመቻችሁ ከሆነ በ1989 የወጣው ስፔልጃመር ሌላ መንገድ ያሳያል። እዚያ ከዓለም ዓለም የሚኬደው በመርከብ ነው። ስለዚህ ጉዞው ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

«ከሌላ ዓለም የመጣው ካራክተር ሁሉን ገዛው፣ ሁሉን አሸነፈው»

አንድ ጊዜ ወርቅ የጫነ እንግዳ አንድ መንደር ሙሉ በአንድ ማታ ገዛብኝ። መጀመሪያ ሌቭሉ (የኃይል ደረጃው) በዝቶ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። ሰውየውን አሻገርኩት፣ የደረሰበትን አገር ሕግ ግን ረሳሁት።

ድራጎንላንስን ተመልከቱ። ክሪን በሚባለው በዚያ ዓለም ከታላቁ ጥፋት በኋላ ወርቅ ዋጋ አጥቷል። ሰው የሚገበያየው በአረብ ብረት ሳንቲም ነው። በ1991 የወጣው ዳርክ ሰን ደግሞ ይብሳል። አታስ በሚባለው በረሃማ ዓለም ብረት በጣም ብርቅ ስለሆነ ሳንቲሙ ከሸክላ ነው። አማልክትም የሉም፤ ካህናቱ ኃይል የሚያገኙት ከእሳት፣ ከውሃ፣ ከአየርና ከመሬት ነው። አሁን ከሌላ ዓለም የመጣ ካህን እዚያ ሲጸልይ አስቡት። ማን ይሰማዋል? ጓደኛው ደግሞ በወገቡ የታጠቀው ተራ የብረት ሰይፍ መንደሩን ሁሉ የሚያስጎመጅ ሀብት ሆኖበታል። ሌሊት በሰላም አይተኛም።

ስለዚህ ቁጥር ከመቀነሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ወስኑ፦ እዚህ ገንዘቡ ምንድን ነው? አስማት በምን ይሠራል? ጸሎት የሚሰማው ማነው? ሌቭል መቀነስ ተጫዋቹን ያስከፋል። እንግድነት ግን ታሪክ ይሰጠዋል።

አማልክት ራሳቸው በበሩ እየመጡ ጨዋታውን ከወሰዱባችሁ በሩን ዝጉባቸው። የሲጊል ገዢ የሆነችው የሥቃይ እመቤት አንድም አምላክ አታስገባም። ለዚህ ነው ያቺ ከተማ የተራ ሰው ከተማ ሆና የቆየችው።

«ዘመኑ አልገጥም አለኝ»

ይህ ቀላል ነው። የሁለቱን ዓለማት የዘመን አቆጣጠር አታስማሙት። ከመስከረም የሚጀምረውን ዓመታችንንና የፈረንጁን ጎን ለጎን የምንቆጥር ሰዎች በዚህ ልንጨነቅ አይገባም። ሁለቱም ቡድን የሚያውቀውን አንድ ክስተት ብቻ ያዙና ከዚያ ቁጠሩ።

«ግማሹ ጠረጴዛ ዝም አለ»

ይህ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእኛ ነው። የሌላውን ካምፔን ታሪክ ለግማሽ ሰዓት እንተርካለን። ያልነበረበት ሰው ምን ይበል?

ታሪኩን እናንተ አትንገሩ። የኖረበት ተጫዋች በካራክተሩ አፍ፣ ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ይንገረው። ሌሎቹ ይጠይቁት፣ ይጠራጠሩት። ያ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ ከሌለና ካራክተሩን ብቻ ማምጣት ከፈለጋችሁ ግን አስቀድማችሁ ደውሉለት። እሱ ከሌለበት ያ ጀግና ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ይንገራችሁ። እምቢ ካለ ካራክተሩን ተዉት፤ በምትኩ ከዚያ ዓለም አንድ ደብዳቤ በበሩ ይግባ።