ጤፍ ብቻ እየበሉ ሴሊያክ ያልተሻላቸው፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን በተባለ የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ምክንያት የሰውነት መከላከያ አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ በምርመራ ተረጋግጧል፣ ስንዴና ገብስ ከቆሙም 6 ወር አልፏል። ሆድ ግን ይነፋል፣ ተቅማጡ ይመላለሳል፣ የደም ማነሱ አልተስተካከለም፣ ሴሊያክን በደም ምርመራ የሚያሳየው የቲቲጂ መጠንም አልወረደም።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ነው። ጤፍ ራሱ ለሴሊያክ የሚያሰጋ ግሉተን የለውም። ነገር ግን እንደ ደላንታና ዋድላ ባለ ደጋ ገብስ ሲፈጭ በዋለ ድንጋይ ከገባ ንጹሕ መሆኑ አበቃ። ከግሉተን ነጻ የሚባለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ነው። ከስንዴ ዱቄት አንድ አሥረኛው ገደማ ግሉተን ስለሆነ፣ በ1 ኩንታል ጤፍ ውስጥ 20 ግራም የስንዴ ዱቄት ብቻ ገደቡን ይሞላል። አንድ እፍኝ እንኳ አይሆንም!

«ትንሽ ምን ታደርጋለች?» የሚሉ ሰዎች በሽተኛውን ይጎዱታል። ጤነኛ ሰው ዘንድ የሰውነት መከላከያ ምግብን እንደ ጠላት አያይም። በሴሊያክ ግን ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም የግሉተኑን ቁራጭ ይለውጠዋል፤ ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባለው የዘር ምልክት ቲ ሴል ለተባለው የሰውነት መከላከያ ሴል ያቀብለዋል፤ ቲ ሴሉም ምግብ የሚመጥጡትን ጥቃቅን የአንጀት ጣቶች የሚያወድም ቁጣ ያስነሳል። እነዚህ ሴሎች አመጋገቡ ከተስተካከለ ከዓመታት በኋላም ግሉተንን አይረሱም። በቀን 50 ሚሊግራም፣ ማለትም ግማሽ ግራም ዱቄት፣ ለ3 ወር ቢወሰድ አንጀት እንደሚጎዳ ታይቷል።

መፍትሄ፦ ዱቄት አትግዙ፤ ጤፉን በፍሬው ግዙ። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ጤፍ በሚያሳልፍ ወንፊት ሲነፋ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ድንጋይ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ለቤት የምትሆን ትንሽ ወፍጮ። «ጠርጌዋለሁ» የሚል ወፍጮ ፈጪ አያሳምናችሁ። አስቀድሞ ጥቂት ኪሎ በቆሎ ማስፈጨት ርዝራዡን ይቀንሳል እንጂ አያጠራም። ስንዴ የያዘ ጆንያ ለጤፍ አይሁን። ሽሮውና በርበሬውም የሚፈጨው እዚያው ነው፤ ጤፉን ለይተው እነሱን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ዱቄቱ ከጸዳ አሮጌውን እርሾ ድፉት። ከጎረቤት አትዋሱ! በንጹሕ ጤፍና በውሃ አዲስ ጀምሩ፤ ሊጡ ቀናት ቢዘገይም ታገሡት። አብሲቱም ከዚያው ጤፍ ይጣል። አምባሻ የሚጋገርበት ምጣድና ማሰሻው ለብቻ ይሁን። ሰፌድና መሶብ በስፌቱ መሃል ዱቄት ይይዛል፣ ታጥቦም አይጠራም፤ አዲስ ይገዛ።

የገበያ እንጀራ አትመኑ፣ ስንዴና ገብስ ይደባለቅበታል። ሰርገኛ ግን ነጭና ቀይ ጤፍ ስለሆነ አያሰጋም። የቃሉና የቆቦ ማሽላም እንዲሁ፣ ወፍጮው ከተለየ።

ከድግስ ወይም ከሰደቃ በኋላ የሚያገረሽ ከሆነ ጠላውን፣ ቀሪቦውንና በሶውን ጠርጥሩ፤ ሁሉም ገብስ አለባቸው። ከጋራ ገበታ አትብሉ፣ እንጀራችሁን በራሳችሁ ሳህን ይዛችሁ ቅረቡ።

ወተት ብቻ የሚያውክ ከሆነ የተጎዳው አንጀት የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ መፍጨት አቅቶታል፤ እስኪያገግም ቀንሱ።

ገና ያልተመረመረ ሰው ስንዴ አስቀድሞ አያቁም፣ ውጤቱ በሐሰት ነጻ ይወጣል። አይጂኤ የተባለው የደም ፀረ እንግዳ አካል አጠቃላይ መጠንም አብሮ ይታይ፤ እሱ ካነሰ የቲቲጂ አይጂኤ ውጤት አይታመንም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ከ12 ወር በኋላም ክብደት የሚቀንስ ከሆነ፣ ብርቅ ቢሆንም ለአመጋገብ የማይመለስ ሴሊያክ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ኢንዶስኮፒ (አንጀትን በካሜራ የሚያይ ምርመራ) ወደሚሠራ ሐኪም ሂዱ።