ልጆችን በባትሪ ብስክሌት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ኔዘርላንድ ለገባችሁ

ሰሞኑን እናቴን ልጠይቅ ከምኖርበት ኔዘርላንድ ደሴ መጥቻለሁ። ሙጋድ ቤታችን ቶናው ሊቀዳ ሲል አንዲት ጎረቤታችን ልጆቿን ይዛ ገባች። ባሏ ኔዘርላንድ ነው፤ እሷም በቅርቡ ትሄዳለች። «ልጆቹን በምን አመላልሳለሁ? ባጃጅ የለ!» አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለ ፎቶ አሳየኋት። ከፊቱ ትልቅ ሳጥን ያለው ብስክሌት ነው፤ ሁለቱ ልጆቼ ሳጥኑ ውስጥ ቀበቶ ታስረው ተቀምጠዋል። እዚያ «ባክፊትስ» ይሉታል። የኔው ባለ ባትሪ ነው። ትምህርት ቤትም ገበያም የምንሄደው በሱ ነው።

ለሷ ያልኳትን ለናንተም ልንገራችሁ። ለመኪና አትቸኩሉ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚያ የሚሠራው በነዋሪነት ከተመዘገባችሁ በኋላ ለ185 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ፈተናው እንደ አዲስ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን የሚያቆም ብስክሌት ግን መንጃ ፈቃድም ታርጋም አይጠየቅበትም። ሞተሩ የሚያግዛችሁም ፔዳሉን ስትመቱ ነው።

ብስክሌት የማትችሉ አብሽሩ። ደሴ ዳገት ላይ አድጎ ብስክሌት ያልለመደ ብዙ ነው፤ እኔም የተማርኩት እዚያ ነው። ብዙ የኔዘርላንድ ከተሞች ውስጥ ለአዲስ ገቢ ሴቶች ብስክሌት ያስተምራሉ። መጀመሪያ በተራው ብስክሌት ተለማመዱ፤ ቀጥሎ ባዶውን ሳጥን ንዱ፤ ልጆቹ በመጨረሻ ይግቡ። ባለ ሦስት ጎማው ሲቆም ስለማይወድቅ ጀማሪ ይወደዋል። ግን በፍጥነት ከታጠፋችሁ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሳል፤ ሊገለበጥም ይችላል። ሳትታጠፉ በፊት ፍጥነት ቀንሱ።

አደራ የምላችሁ ፍሬኑን ነው። የመጀመሪያውን ያገለገለ ገዛሁ። ስሞክረው ባዶ ነበር፤ ጥሩ መሰለኝ። በሳምንቱ ልጆቹንና አስቤዛ ጭኜ በዝናብ ከድልድይ ስወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለ። እግሬን እየጎተትኩ በመከራ ቆምኩ። ልጆቼ ምንም አልሆኑም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ጭነት ካለው ፍሬን ቀድሞ ይይዛል። እናንተም እንደዚያው። ስትገዙ የልጆቹን ክብደት ያህል ጭናችሁ ሞክሩ።

ፍሬሙንም እዩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የኔዘርላንድ የሸማች ምርቶች ደህንነት ተቆጣጣሪ የባቡ (Babboe) ብራንድ ባለ ሳጥን ብስክሌቶች ሽያጭ እንዲቆም አዟል፤ ፍሬማቸው ሲሰበር ስለታየ ነው። ርካሽ ብታገኙም እንዲሰበሰብ የታዘዘ ሞዴል አለመሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ሌባ አለ። ሁለት ቁልፍ ያዙ፤ አንዱን ሰንሰለት ከማይነቀል ብረት ጋር እሰሩት። የስርቆት ኢንሹራንስም ግቡ። ባትሪውን በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ እናንተ ነቅታችሁ ሳለ ቻርጅ አድርጉ፤ መውጫ በር አጠገብ አይሁን። ብርድ ሲሆን ቶሎ ያልቃል፤ በብርዱ ወራት ባትሪውን ቤት አስገቡት።

መንገድ ላይ ጫፋቸው ወደናንተ የዞረ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ካያችሁ ቅድሚያ ስጡ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ክልክል ነው።

በረካው ሲቀዳ ጎረቤታችን «ዝናብ ሲሆንስ?» አለች። ሳጥኑ ልክ እንደ ድንኳን የሚዘጋ ሸራ አለው፤ ልጆቹ አይበሰብሱም። «ላንቺ ግን የዝናብ ሱሪ ያስፈልግሻል» አልኳት። «ለባልሽ ዛሬውኑ ደውዪለትና ይግዛልሽ።»