የታይሚንግ ቺንጋ ፑሊ በቤት ቶርኖ፦ ከጥርሱ በፊት ዲያሜትሩ

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ያለን ሰዎች ሁሉ የምናውቀው ደንበኛ አለ። የተበላ የታይሚንግ ቺንጋ ፑሊ፣ ማለትም ጥርስ ያለው ቀበቶ የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ጎማ፣ በፌስታል ይዞ ይመጣና «ልክ እንዲህ ያለ አውጣልኝ» ይላል። በቅርቡም የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው አንድ አባት ከደሴ ሐረጎን ወርደው መጡ። «አባባ፣ ቺንጋውን ይዘውልኝ ይምጡ» ብላቸው «ልጄ፣ ፑሊው እያለ ቺንጋው ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። የተበላ ፑሊ ብትለካ የምታገኘው የተበላውን ልክ ነው። ትክክለኛው ልክ ያለው ቺንጋው ላይ ነው።

ቺንጋውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው። አንዱን ጥርስ ዜሮ ብለህ እስከ አሥረኛው ቁጠርና ከመሃል እስከ መሃል ለካ። 50.8 ሚሊ ሜትር ከመጣ ኤክስኤል የሚባለው የኢንች ቺንጋ ነው። ልክ 50 ከሆነ ቅርጹን እይ፦ ጥርሱ ክብ ከሆነ ኤችቲዲ 5ኤም፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ትራፔዞይድ ከሆነ ቲ5 ነው። ሁለቱም ፒቻቸው (ከአንዱ ጥርስ መሃል እስከ ቀጣዩ ጥርስ መሃል ያለው ርቀት) 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ይተካል፤ አይሆንም፣ ጥርሱን ይበላዋል። ጀርባው ላይ ጽሑፉ ካልጠፋማ ተገላገልክ፦ 575-5ኤም-15 ማለት ርዝመቱ 575፣ ፒቹ 5፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአባባ ፑሊ 24 ጥርስ፣ 5ኤም ነበር። 5 በ24 ተባዝቶ ለ3.1416 ሲካፈል ዲያሜትሩ 38.20 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ብዙ ልጆች ብረቱን 38.20 አድርገው ቶርነው ጥርስ ያወጡበታል። ስህተቱ እዚህ ነው። 38.20 የሚያርፈው ቺንጋው ሆድ ውስጥ ባለው ገመድ መስመር ላይ እንጂ በፑሊው ጥርስ ጫፍ ላይ አይደለም። ገመዱ ከፑሊው ጫፍ 0.57 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለ5ኤም ሁልጊዜ 1.143 ትቀንሳለህ፦ ከ38.197 (38.20 የተጠጋጋው ነው) ሲቀነስ የውጭ ዲያሜትሩ 37.05 ይሆናል። 38.20 ላይ ብትተወው የእያንዳንዱ ጥርስ ፒች 5.15 ይሆናል። ቺንጋው 12 ጥርስ ይዞ ሲዞር 1.8 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል፣ ጥርስ ላይ ይወጣል። ከዚያ «ቺንጋው ቻይና ነው» ይባላል!

ፍሬዛና ዲቫይዲንግ ሄድ (ሥራውን በእኩል ክፍል እየከፋፈለ የሚያዞር መሣሪያ) ያለው ሰው ቢላውን በቺንጋው ቅርጽ ሞርዶ ጥርሱን ያወጣል፤ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንዴ በሚዞርበት 40 ለ1 ሄድ፣ ለእያንዳንዱ ከ24ቱ ጥርስ አንድ ሙሉ ዙርና በባለ 18 ቀዳዳው ክብ ላይ 12 ቀዳዳ ነው። እኔ ቤቴ ያለው ቶርኖና የቁም ድሪል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ በስቼ ነው ጥርስ የማወጣው፤ ይህ ለክቡ ኤችቲዲ እንጂ ለቲ5 አይሠራም።

አሉሚኒየሙን መጀመሪያ 42 ሚሊ ሜትር አድርገህ ቶርነው፤ የ12 ሚሊ ሜትሩን ዘንግ ቀዳዳ ከቻክ (ከቶርኖው መያዣ) ሳታወርደው እዚያው ጨርስ። ከዚያ ሁለቱም ጫፉ ላይ የሴንተር (የቶርኖው ሹል መደገፊያ) ቀዳዳ ባለው ዘንግ ላይ በነት እሰረው። ከሥሩ 48 ጥርስ ያለው የቶርኖ ጊር አብረህ አስገባ፤ በየሁለት ጥርሱ ስትዘል 24 ይመጣል። ጊሩን በየደረጃው የሚያቆመው ፒን ጥርሱ መሃል ሳይላወስ ይግባ። ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዙር።

ዘንጉን ድሪሉ ጠረጴዛ ላይ በታሰረ ወፍራም ብረት ቀዳዳ ውስጥ አቁመው። መሰርሰሪያው 3.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዘንጉ መሃል እስከ መሰርሰሪያው መሃል 18.02 መሆን አለበት። መሃልን በዓይን አትፈልግ፦ ቀጥ ያለ 3.1 ዘንግ ድሪሉ ላይ እሰርና በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፣ 10.47 ሲሆን ጠረጴዛውን አጥብቅ። ነቱም አጭር ይሁን፣ የድሪሉ ቻክ እንዳይነካው። እያንዳንዱን ቀዳዳ በሴንተር ድሪል ካልጀመርክ መሰርሰሪያው ይሸሻል። ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረግክ፣ ቶሎ ቶሎ እያወጣህ ብሳ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማብሪያውን ዝጋና መሰርሰሪያውን በእጅህ አውጣ፤ ድንገት ሲመጣ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ፑሊው አለቀለት።

ሲያልቅ ዘንጉን ከነፑሊው በሁለት ሴንተር መሃል ቶርኖ ላይ መልስና ከ42 ወደ 37.05 ውረድ። ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ አፋቸውን ከፍተው ጥርስ ይሆናሉ፤ ይህን ማየት ደስ ይለኛል። ቢላው እየዘለለ ስለሚቆርጥ መጨረሻ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አውርድ። ከ37.05 በላይ እስከ 0.08 ቢተርፍ ችግር የለም፣ ማነስ ግን የለበትም። በቬርኒየር አትመን፣ ማይክሮሜትር ተጠቀም። 24 ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ስለሆነ ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል። ጎዶሎ ቁጥር ቢሆን አንዱ ጎን ጉድጓድ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ጠርዝ ላይ ሳይበሳ የሚቀር ከንፈር ትተህ እሱን ለካ፣ በኋላ ቁረጠው።

የጥርሱ አፍ ትንሽ ይጠብባል፤ የጉድጓዱን ሁለት ጠርዝ በጥቃቅን ሞረድ 0.4 ያህል አክብበው። ሹል ከቀረ ቺንጋውን እንደ ምላጭ ይልጠዋል። ከዚያ ቺንጋውን ጠምጥመህ ሳትጎትት ጫን፦ በግማሽ ዙሩ ላይ ሁሉም ጥርስ እኩል መቀመጥ አለበት። ጫፉ ላይ ወረቀት የምታስገባበት ክፍተት ካየህ ጥርሱን አትነካካ፣ ዲያሜትሩን እንደገና ለካ።

ለ15 ሚሊ ሜትር ቺንጋ የፑሊው ፊት 17 ይሁን፤ ግራና ቀኝ ከላሜራ የተቆረጠ ክንፍ ግጠምለት፣ ጠርዙን ትንሽ ወደ ውጭ አጥፈው። ሁለቱ ፑሊዎች ላይ ክንፍ ማድረግ ግድ አይደለም፣ ትንሹ ላይ ግን አይቅር፤ ያለዚያ ቺንጋው ወደ ጎን እየሄደ ይወርዳል። ዘንጉ ላይ ኪይ (ፑሊውና ዘንጉ አብረው እንዲዞሩ መሃላቸው የሚገባ ትንሽ ብረት) ካለ በብሎን ብቻ አትተማመን፤ ከሌለ ደግሞ ብሎኑ የሚያርፍበትን የዘንጉን ቦታ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርገው፣ በኋላ ፑሊውን ስታወጣ ዘንጉን ቧጥጦ እንዳይይዝብህ።