የቆየ ቀይ ወይን ስንከፍት የምናጠፋው ጥፋት

20 ዓመት በትዕግሥት የተቀመጠ ወይን በመጨረሻዋ ሰዓት ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል። ሰሞኑንም አየሁት። ጠርሙሱ ከምድር ቤት ወጣ፣ ደረጃው ላይ እየተናጠ መጣ፣ ወዲያው ተከፍቶ ተቀዳ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ድፍርስ ነው። እንግዶቹ «ይመራል» አሉ። እንዴት አይመር! የጠጡት አተላ ነው።

እባካችሁ፣ ከመክፈታችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ቀይ ወይን ሲቆይ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) እና ቀለሙ እየተያያዙ ይከብዱና ይዘቅጣሉ። ጠርሙሱ በጎኑ ተኝቶ ስለኖረ አተላውም ጎኑ ላይ ነው ያለው። ደቃቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ጊዜ ከሌላችሁ ለጋ ጠርሙስ ክፈቱ፣ ይሄኛውን ተዉት። ወይኑን ከአተላው ለይታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ስትገለብጡት ከጠርሙሱ አንገት ሥር ሻማ ወይም የስልክ መብራት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ፣ ሳታቋርጡ አውርዱት። ጠርሙሱን አንዴ ቀና አንዴ ዘንበል ካደረጋችሁት የተኛው ሁሉ ይነሳል። የአተላው ጥቁር መስመር አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ሥሩ ላይ የቀረው አይቆጫችሁ።

አየር ማብዛት የእኔም ጥፋት ነበር። ለጋ ወይን ሁለት ሰዓት ክፍት ሲቆይ እንደሚለሰልስ አይቻለሁ። 30 ዓመት ያለፈውን ቡርጋንዲ የሚባል የፈረንሳይ ቀይ ወይን ደግሞ እንደዚያው አደረግሁት። ስከፍተው የደረቀ ጽጌረዳና የእንጉዳይ ሽታ ነበረው። እራት እስኪቀርብ ሽታው ጠፍቶ ኮምጣጣነቱ ብቻ ቀረ። ዛሬም ያበሳጨኛል። አሁን እንደከፈትኩ ትንሽ እቀምሳለሁ። ሽታው ወዲያው ጎልቶ ከወጣ አተላውን ለይቼ ወዲያው እቀዳለሁ።

ቡሹን በኃይል አትሳቡት፤ ሲያረጅ ይፈረፈራል። ለዚህ ሁለት ስስ ምላስ ያለው መክፈቻ ይሻላል። ፍርፋሪ ከገባም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ወይኑን አይጎዳውም።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው።

ዳር ዳሩ ወደ ሸክላ ቀለም ስላደላ ተበላሽቷል አትበሉ። የቆየ ወይን መልኩ ነው። መጀመሪያ ላይ የታፈነ ሽታ ቢኖረውም አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቆይ ይለቀዋል። እርጥብ ካርቶን የሚሸተው ግን ሌላ ነው። ቲሲኤ የሚባለው ውህድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ፣ ገብቶበታል። እሱን አየር አያድነውም፤ ድፉት።